ስክሪኑ ሲዞር ንክኪው ለምን ሌላ ቦታ ያርፋል? ስለ ካሊብሬሽንና ሮቴሽን በተች ስክሪን ድራይቨር ውስጥ

ስክሪኑን ወደ ጎን ስታዞሩት ስዕሉ ተስተካክሎ ይመጣል፣ ጽሁፉም ይነበባል፣ ግን አንድ በተን ስትነኩ ምላሽ የሚሰጠው ሌላ ጥግ ላይ ያለው በተን ነው። የተች ስክሪን ድራይቨር፣ ማለትም ከንክኪ ቺፑ ቁጥር ተቀብሎ ለፕሮግራሙ የሚያቀብለውን ኮድ፣ ለመጻፍ የሞከረ ሰው እዚህ ጋ ሳይደርስ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ደግሞ ካሊብሬሽኑን፣ ማለትም ከመስታወቱ የሚመጣውን ቁጥር ወደ ስክሪን ቦታ የሚቀይረውን ሂሳብ፣ እንደገና መስራት ነው፣ ለዛኛው አቅጣጫ ይሰራል፣ መልሰው ሲያዞሩት ይበላሻል፣ ከዛ ሌላ ካሊብሬሽን ይጨመራል፣ መጨረሻ ላይ ለአራት አቅጣጫ አራት ካሊብሬሽን ሴቭ ተደርጎ ይገኛል። ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ካሊብሬሽን የመስታወቱ ጉዳይ ነው፣ አንዴ ይሰራል። ሮቴሽን፣ ማለትም ማዞር፣ የስዕሉ ጉዳይ ነው፣ ከካሊብሬሽን በኋላ የሚመጣ ራሱን የቻለ ስራ ነው። ሁለቱን በኮዳችሁ ውስጥ ከለያችኋቸው አብዛኛው ጣጣ እዛው ያልቃል።

ከስሩ እንጀምር። ስዕል የሚያሳየው ዲስፕሌይና ንክኪ የሚለየው መስታወት አንድ ላይ ስለተለጠፉ አንድ ዕቃ ይመስላሉ እንጂ ሁለት ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ ቺፓቸው ለየብቻ ነው፣ አንዱ ስለሌላው ምንም አያውቅም። የተች ቺፑ ስዕሉ ይዙር አይዙር የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ለተመሳሳይ የመስታወት ቦታ ሁሌም ተመሳሳይ ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ። ሁለቱን የሚያስማማው ድራይቨሩ ነው።

ሬዚስቲቭ የሚባለው አይነት፣ ማለትም ጫን ሲሉት የሚሰራው፣ ውስጡ ሁለት ስስ ንብርብሮች አሉት። ስትጫኑት ይገናኛሉ፣ በአንዱ ላይ ቮልቴጅ ይለቀቅና በሌላኛው በኩል ይለካል፣ ከዛ ተራቸው ይቀየርና ሁለተኛው አቅጣጫ ይለካል። እንደ ኤክስፒቲ 2046 ወይም ኤዲኤስ 7846 ያሉ ቺፖች የለኩትን በ12 ቢት ቁጥር፣ ማለትም ከ0 እስከ 4095 ባለው ውስጥ፣ በኤስፒአይ፣ ቺፖች በሚነጋገሩበት የሽቦ መስመር፣ ይልኩላችኋል። ይሄ ቁጥር ፒክስል አይደለም። ደግሞም የስክሪኑ ግራ ጠርዝ 0 ቀኙ 4095 ነው ብላችሁ አትገምቱ፣ ንብርብሩ ከሚታየው ክፍል ትንሽ አልፎ ስለሚሄድና ጠርዙ ላይ ያሉት ማገናኛዎችም የራሳቸው ሬዚስታንስ ስላላቸው ሁለቱም ጫፍ ላይ ክፍተት አለ፣ ክፍተቱም ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ይለያያል። ለዚህ ነው ከኢንተርኔት ኮፒ የተደረገ የካሊብሬሽን ቁጥር የሌላ ሰው ስክሪን ላይ አስር ምናምን ፒክስል ስቶ የሚገኘው።

ካፓሲቲቭ የሆኑት፣ እንደ ጂቲ 911 እና ኤፍቲ 6236 ያሉት፣ በአይቱሲ፣ በሌላ የቺፖች መነጋገሪያ መስመር፣ የሚያወሩ ቺፖች ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩን በውስጣቸው አስልተው በተዋቀሩበት ሪዞሉሽን ነው የሚሰጡት። እነሱ ላይ ሰው ስክሪኑ ላይ የተሳለ የመስቀል ምልክት እየነካ የሚሰራው ካሊብሬሽን በአብዛኛው ትርፍ ነው፣ የሚቀረው አቅጣጫውን ማስተካከል ብቻ ነው። ስለዚህ የካሊብሬሽኑን ክፍል ሬዚስቲቭ ያላቸው በደንብ ያንብቡት፣ የሮቴሽኑ ግን ለሁሉም ነው።

አሁን ቁጥር እንያዝ። ስክሪኑ ቁመቱ ረዥም የሆነ 240 በ320 ነው እንበል። ከግራ 20ኛው ፒክስል ላይ ስትነኩ ጥሬው ቁጥር 520 መጣ፣ 220ኛው ላይ ስትነኩ ደግሞ 3520። በመሀል 200 ፒክስል አለ፣ በጥሬው 3000። ስለዚህ ማንኛውም ጥሬ ቁጥር ሲመጣ 520 ትቀንሱለታላችሁ፣ በ200 ታበዙታላችሁ፣ ለ3000 ታካፍላላችሁ፣ 20 ትደምራላችሁ። ለምሳሌ 2020 ቢመጣ 1500 ይሆናል፣ ተባዝቶ 300000፣ ተካፍሎ 100፣ 20 ሲደመር 120፣ ትክክል መሀሉ ላይ ነው። ቀላል ነው አይደል፣ ግን እዚህች ጋ ሁለት ባግ ተደብቀዋል። አንደኛው መጀመሪያ 200ን ለ3000 ላካፍል ካላችሁ በኢንቲጀር፣ ማለትም ያለ ክፍልፋይ በሙሉ ቁጥር ብቻ በሚሰራ፣ ሂሳብ መልሱ 0 ነው፣ ንክኪው ሁሉ አንድ ቦታ ተቸንክሮ ይቀራል። ሁለተኛው ማባዛቱን አስቀድማችሁም ቢሆን 300000 በ16 ቢት ኢንቲጀር ውስጥ አይገባም፣ እዛ ውስጥ የሚገባው ትልቁ 32767 ነው። ትናንሽ ማይክሮኮንትሮለሮች ላይ ኢንቲጀር ሲባል 16 ቢት ስለሆነ ቁጥሩ ሞልቶ ይፈስና ንክኪው እንደ እብድ ይዘላል፣ ሰውየው ግን ሃርድዌሩ ተበላሽቷል ብሎ ሽቦ ሲነካካ ይውላል። 32 ቢት አድርጉት።

ይሄ የሁለት ነጥብ አሰራር የሚያገለግለው መስታወቱ በትክክል ቀጥ ብሎ ከተለጠፈ ነው። በተግባር ግን ትንሽ ዘመም ብሎ ይለጠፋል፣ ፎቶ ፍሬም ውስጥ ጠመም ብሎ እንደገባ ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ወደ ጎን ብቻ ስትሄዱ የቁመቱም ቁጥር አብሮ ይንሸራተታል። ስለዚህ እያንዳንዱ የስክሪን ቁጥር ከሁለቱም ጥሬ ቁጥሮች መሰላት አለበት፣ እንዲህ፦

የስክሪን ኤክስ = ሀ × ጥሬ ኤክስ + ለ × ጥሬ ዋይ + ሐ
የስክሪን ዋይ = መ × ጥሬ ኤክስ + ሠ × ጥሬ ዋይ + ረ

የማይታወቁት ስድስት ናቸው። አንድ ነጥብ ስትነኩ ሁለት እኩልታ ታገኛላችሁ፣ ሦስት ነጥብ ስድስት እኩልታ ይሰጣል፣ ሦስት መስቀል ንኩ የሚባለው ለዚህ ነው። ሦስቱ ነጥቦች ግን በአንድ መስመር ላይ መሆን የለባቸውም፣ ከሆኑ ሲሰላ አካፋዩ ዜሮ ይሆናል። እርስ በርሳቸው በጣም ከተቀራረቡም ትንሽ የእጅ ስህተት ጫፍ ላይ ሲደርስ ትልቅ ትሆናለች፣ በጣም ጠርዝ ላይ ካደረጋችኋቸው ደግሞ ሬዚስቲቭ መስታወት ጠርዙ ላይ መስመሩን ጠብቆ አይሄድም። ከጠርዙ አስር በመቶ ያህል ገባ ብሎ ማስቀመጥ ጥሩ ቦታ ነው። ሊኑክስ ላይ የሚሰራው ቲኤስሊብ የተባለው የተች ስክሪን ላይብረሪ አምስት ነጥብ ነው የሚያስነካው፣ አራት ጥግና መሀል፣ ከሦስት በላይ ሲሆን ለሁሉም በተቻለ መጠን የሚቀርበው መልስ ይሰላና የአንዱ ነጥብ የእጅ መንቀጥቀጥ ሌላውን ያን ያህል አያበላሽም።

የቁጥር ሞልቶ መፍሰስ እዚህም ይመጣል፣ አሁንማ 32 ቢትም ላይበቃ ይችላል። ክፍልፋዩን መጨረሻ ላይ ለማካፈል ብላችሁ የላይኛውን ክፍል ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ የ320 ፒክስልና የ4000 ጥሬ ልዩነት ብዜት 1280000 ነው፣ እሱ እንደገና በ4095 ሲባዛ ከአምስት ቢሊዮን ያልፋል፣ ምልክት ያለው 32 ቢት የሚይዘው ግን ሁለት ቢሊዮን ከመቶ ሚሊዮን ምናምን ነው። ወይ 64 ቢት ትጠቀማላችሁ፣ ወይ ስድስቱን ቁጥሮች አንዴ በ65536 አባዝታችሁ ኢንቲጀር አድርጋችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ንክኪ በመጣ ቁጥር መጨረሻ ላይ በ65536 ታካፍላላችሁ። ቲኤስሊብም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፣ ፖይንተርካል በሚባለው ፋይሉ ውስጥ ከስድስቱ ቁጥሮች ቀጥሎ የምታዩት ሰባተኛ ቁጥር አካፋዩ ነው።

ጥሬው ቁጥር ራሱ ንጹህ ካልሆነ ደግሞ ከላይ ያለው ሂሳብ ሁሉ ከንቱ ነው። ሬዚስቲቭ ላይ አቅጣጫ ቀይራችሁ የምታነቡት የመጀመሪያው ንባብ ቮልቴጁ ገና ሳይረጋጋ ስለሚሆን ጣሉት፣ ከዛ ብዙ ጊዜ አንብባችሁ በመጠን ደርድራችሁ የመሀለኛውን ውሰዱ፣ ከአማካይ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ያበደ ንባብ አማካዩን ይጎትተዋል መሀለኛውን ግን አይነካውም። ጣት ሲነሳ የሚመጡት የመጨረሻ ንባቦችም ግፊቱ ስለላላ ስለሚንሸራተቱ አትመኗቸው።

አሁን ዋናው ወጥመድ ጋ ደረስን። እነዛ ስድስት ቁጥሮች ማዘንበልን ብቻ አይደለም የሚያስተካክሉት፣ ኤክስና ዋይ ቢቀያየሩም፣ አንዱ ቢገለበጥም፣ ሁሉንም ዝም ብለው ይውጡታል። ስክሪኑን ወደ ጎን አዙራችሁ ካሊብሬት ካደረጋችሁ ሮቴሽኑም አብሮ በቁጥሮቹ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ንክኪው ይሰራል፣ ደስ ይላችኋል፣ ከዛ ድራይቨሩ ውስጥ ያለው የሮቴሽን ኮድ እንደገና ያዞረዋል፣ ወይም ስዕሉን ስትመልሱት ቁጥሮቹ አሁንም የጎኑን ነው የሚያስቡት። አራት ካሊብሬሽን ሴቭ ማድረግ የሚመጣው ከዚህ ነው። መፍትሄው ካሊብሬሽን ሁሌም መልሱ በስክሪኑ የተፈጥሮ አቅጣጫ፣ ማለትም ፓነሉ ሲሰራ በተሰጠው 240 በ320 እንዲሆን ማድረግ ነው። ተጠቃሚው ስክሪኑ ዞሮ እያለ ካሊብሬት ማድረግ ቢፈልግም ችግር የለም፣ መስቀሉን የሳላችሁበትን ቦታ ሂሳብ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ወደ ተፈጥሮ አቅጣጫው መልሱት። ስዕሉ በሰዓት አቅጣጫ 90 ዲግሪ ዞሮ ሳለ 20፣20 ላይ የተሳለ መስቀል በተፈጥሮው አቅጣጫ 219፣20 ላይ ነው ያለው፣ ማስገባት ያለባችሁ ይሄን ሁለተኛውን ነው።

ሮቴሽኑ ራሱ ከዚህ በኋላ አጭር ስራ ነው። ከካሊብሬሽን የወጣው ነጥብ ኤክስ ከ0 እስከ 239፣ ዋይ ከ0 እስከ 319 ነው። ስዕሉ በሰዓት አቅጣጫ 90 ሲዞር አዲሱ ኤክስ ዋይ ይሆናል፣ አዲሱ ዋይ 239 ሲቀነስ ኤክስ ይሆናል። 180 ሲዞር ሁለቱም ይገለበጣሉ፣ 239 ሲቀነስ ኤክስ እና 319 ሲቀነስ ዋይ። 270 ሲሆን አዲሱ ኤክስ 319 ሲቀነስ ዋይ፣ አዲሱ ዋይ ደግሞ ኤክስ። በቃ ይሄው ነው። ሊኑክስ ላይ ሊብኢንፑት የተባለው የግብዓት ላይብረሪ ነጥቡን ከ0 እስከ 1 ባለው ስለሚያስብ የመጀመሪያው ፎርሙላ 0 1 0 -1 0 1 በሚሉ ስድስት ቁጥሮች ይጻፋል፣ ከላይ ካየናቸው ከሀ እስከ ረ ካሉት ጋር አንድ ናቸው፣ 239 የነበረው 1 ሆነ እንጂ።

239 እንጂ 240 አይደለም፣ 240 ብትሉ ኤክስ 0 ሲሆን ከስክሪኑ አንድ ፒክስል ይወጣል። ከዚህ የሚብሰው ግን ስፋቱን ከዲስፕሌይ ላይብረሪው መጠየቅ ነው። ብዙ ላይብረሪዎች ስክሪኑ ከዞረ በኋላ ስፋት ስንት ነው ስትሏቸው የዞረውን 320 ይመልሳሉ፣ እናንተ ደግሞ የተፈጥሮውን 240 ነበር የፈለጋችሁት፣ ስለዚህ 319 ሲቀነስ ኤክስ ይሆንና ንክኪው ሁሉ በትክክል 80 ፒክስል ተንሸራቶ ያርፋል። ስህተቱ ሁሉም ቦታ ላይ እኩል ከሆነ ካሊብሬሽኑን ከመጠርጠራችሁ በፊት የስፋትና የቁመት ልዩነት መሆን አለመሆኑን አስሉ።

ብዙ ድራይቨር ፎርሙላ ከመጻፍ ይልቅ ሦስት ማብሪያ ነው የሚሰጣችሁ፦ ኤክስን ገልብጥ፣ ዋይን ገልብጥ፣ ሁለቱን አቀያይር። የሊኑክስ ከርነል ዲቫይስ ትሪ፣ ማለትም ሃርድዌሩ የሚገለጽበት ፋይል፣ ላይ ያለውም ይሄው ነው። ሦስት ማብሪያ ስምንት አማራጭ ይሰጣል፣ ከስምንቱ ግን ሮቴሽን የሆኑት አራቱ ብቻ ናቸው፣ ሌሎቹ አራቱ ነጸብራቅ ናቸው፣ ፊት መስታወት ላይ ግራና ቀኝ እንደሚገለበጠው ማለት ነው። ማቀያየር ብቻውን በፍጹም ሮቴሽን አይደለም፣ 90 ለማዞር ማቀያየርና አንድ ግልበጣ አብረው ያስፈልጋሉ። ያበራችኋቸው ማብሪያዎች ብዛት ጎዶሎ ከሆነ ነጸብራቅ ነው፣ እሱ የሚያስፈልገው የፓነሉ ሽቦ አንዱ አቅጣጫ ላይ ተገልብጦ ሲገባ ነው፣ ስክሪን ስለዞረ አይደለም።

ቅደም ተከተሉም ነገር ያበላሻል። 10፣50 የሚል ነጥብ ያዙ። መጀመሪያ ኤክስን ብትገለብጡ 229፣50 ይሆናል፣ ከዛ ስታቀያይሩት 50፣229። ይሄ ከላይ ያየነው 90 ነው። አሁን መጀመሪያ አቀያይሩት፣ 50፣10 ይሆናል፣ ከዛ ኤክስን ገልብጡ፣ አሁን የኤክስ ጫፍ 319 ስለሆነ 269፣10 ይመጣል። ይሄ ደግሞ 270 ነው። ማብሪያዎቹ አንድ፣ መልሱ ግን ተቃራኒ ጥግ። የሊኑክስ ከርነል መጀመሪያ ይገለብጥና ከዛ ያቀያይራል፣ ሌላ ላይብረሪ ስትጠቀሙ የትኛውን እንደሚያስቀድም ሶርስ ኮዱን ገብታችሁ እዩት፣ መገመት አያዋጣም።

የትኛው ማብሪያ እንደሚያስፈልጋችሁ ለማወቅ ስምንቱንም መሞከር አይጠበቅባችሁም። ማብሪያዎቹን ሁሉ አጥፍታችሁ፣ ስዕሉን በተፈጥሮው አቅጣጫ አድርጋችሁ፣ ጥሬውን ቁጥር እያሳያችሁ የላይ ግራ ጥግን ንኩ፣ ከዛ የላይ ቀኝን። በዚህ መሀል በጣም የተቀየረው ቁጥር ዋይ ከሆነ ሁለቱ ተቀያይረዋል ማለት ነው። የተቀየረው ሲጨምር ነው ሲቀንስ? ከቀነሰ ያ ቁጥር ተገልብጧል። ከዛ የታች ግራን ነክታችሁ ሌላኛውን ቁጥር በዚሁ መንገድ ትለዩታላችሁ። ሦስት ንክኪ ሙሉውን መልስ ይሰጣል።

ስዕሉን የሚያዞረው የዲስፕሌይ ቺፕም የሚሰራው በተመሳሳይ ሦስት ነገር ነው። አይኤልአይ 9341 ላይ በሄክስ 36 የሚባለው ትዕዛዝ ውስጥ ሦስት ቢቶች አሉ፣ ረድፍ ገልብጥ፣ አምድ ገልብጥ፣ ረድፍና አምድ አቀያይር። ስለዚህ የስዕሉንና የንክኪውን ሮቴሽን ከአንድ ቫሪያብል አንብባችሁ በአንድ ፈንክሽን ውስጥ አብራችሁ ቀይሯቸው፣ አንዱ ተቀይሮ ሌላው የሚቀርበት ዕድል መኖር የለበትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ንክኪውን የሚያዞረው አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። እንደ ኤልቪጂኤል ያሉ የግራፊክስ ላይብረሪዎች ስክሪኑ መዞሩን በእነሱ በኩል ከነገራችኋቸው ንክኪውንም ራሳቸው ያዞራሉ፣ ድራይቨራችሁም ካዞረው ሁለቴ ዞረ ማለት ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፣ 90 ላይ አንድ ጥግ ስትነኩ ነጥቡ አጠገቡ ባለው ሌላ ጥግ አካባቢ ይወድቃል፣ 180 ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ጭራሽ ያልዞረ ይመስላል።

ሁለት ነገር ልጨምር፣ ብዙ ድራይቨር ውስጥ የሚጎድሉ ናቸው። ካሊብሬሽኑ ጠርዝ ላይ አንዳንዴ እንደ -3 ያለ ቁጥር ያወጣል። ምልክት በሌለው 16 ቢት ውስጥ ካስቀመጣችሁት 65533 ይሆናል፣ ከዛ ከትልቁ እንዳይበልጥ ስትቆርጡት ግራ ጠርዝ የነካው ሰው ቀኝ ጠርዝ ነካ ይባላል። ምልክት ባለው ቁጥር ያዙት፣ መጀመሪያ ከ0 በታች መሆኑን አይታችሁ ቁረጡ። ሌላው፣ ጣት ስክሪኑ ላይ ተቀምጦ እያለ ስዕሉ ቢዞር ያው ጣት በአንዴ ወደ ሌላ ቦታ የዘለለ ይመስላል፣ ፕሮግራሙም ረዥም ጉተታ ነው ብሎ ሊስቱን ያንሸራትታል። ሮቴሽን ሲቀየር ያለውን ንክኪ እንደተነሳ ቆጥራችሁ ዝጉት፣ ጣቱ በእውነት እስኪነሳም አዲስ ንክኪ አትቀበሉ።

ካሊብሬሽኑን ፍላሽ ላይ ስታስቀምጡ ስድስቱን ቁጥሮች ብቻ አታስቀምጡ፣ የራሳችሁ መለያ ቁጥርና ቼክሰም፣ ማለትም ዳታው አለመበላሸቱን የሚያሳይ ቁጥር፣ ጨምሩበት፣ ምክንያቱም ምንም ያልተጻፈበት ፍላሽ ሲነበብ ቢቱ ሁሉ 1 ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ድራይቨሩም እሱን እንደ ትክክለኛ ካሊብሬሽን ይወስደዋል። ሴቭ ከማድረጋችሁ በፊትም ለስሌቱ ያልተጠቀማችሁበትን አንድ ተጨማሪ መስቀል አስነኩ፣ ከሚጠበቀው ብዙ ፒክስል ከራቀ ጣሉትና እንደገና ጀምሩ። ይሄ ሳይደረግ አንዱን መስቀል ስቶ የነካ ሰው የተበላሸ ካሊብሬሽን ሴቭ ያደርግና ካሊብሬሽን እንደገና ጀምር የሚለውን በተን ራሱ መንካት ያቅተዋል። ለዛ ሰው ሌላ መግቢያ ተዉለት፣ ዕቃው ሲበራ ስክሪኑ የትም ቦታ ላይ ለተወሰነ ሰከንድ ተጭኖ ከቆየ በቀጥታ ወደ ካሊብሬሽን ይግባ። መነካቱን ለማወቅ ቦታው ትክክል መሆን አያስፈልገውም፣ ስለዚህ ካሊብሬሽኑ ምንም ያህል ቢበላሽ ይሄ መንገድ ይሰራል።